ልሸነፍ ነው፣ አሳልፉኝ!

የእኛ አገር ስም የላትም። ስም ሊያወጡላት የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ስብሰባውን ያደረጉት በስልክ ነበር አሉ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እንግዲህ ስሟ..." ሲሉ ኔትወርክ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ማን መልሶ ይደውል በሚለው ሳይስማሙ አለፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እኛም ያለ ስም መኖሩን ለምደነዋል። ደብዳቤ እንኳ "ለአገራችን" ተብሎ ይጻፋል፣ ይደርሳል።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ወሬ ከእኔ የሚያመልጥ የለም ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ሰው ምላጭ አንገቱ ላይ ሲያርፍ ዝም ማለት ይፈራል፣ ስለዚህ ያወራል። ይህን የምነግራችሁን ግን ከማንም አልሰማሁትም፣ ካንዲት ነገር በቀር ሁሉንም በዓይኔ ያየሁትና በእግሬ የሮጥኩት ነው።

በአገራችን ሰው የሚለካው በቼዝ ነው። በሀብትም አይደለም፣ በትምህርትም አይደለም። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ የየከተማው ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ከማያየው ሰው ጋር ይጋጠማል። ማሸነፍ ጥሩ ነው። መሸነፍም ነውር የለበትም። ነውሩ መጥፋት ነው። ሊሸነፍ ሲል ሆነ ብሎ መስመሩን አጥፍቶ ጠፋ የተባለ ሰው "ሸሺ" ይባላል። ሸሺ ዋስ አይሆንም። ሸሺ አይመሰክርም። ድግስ ቢጠራ መቀመጫው በሩ ሥር ነው፤ መውጣቱ ላይቀር ሰው እንዳያስነሳ ተብሎ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሸሺ አይመርቅም። ምርቃቱ መሃል ላይ ይቆምና የተመረቀው ሰው ግማሽ ዕድል ይዞ ይቀራል ይባላል። በበኩሌ ግማሽ ዕድል ያለው ሰው አይቼ አላውቅም፤ ቢሆንም እንደ ሰዉ እኔም እፈራለሁ።

እትዬ ትርንጎ ሸሺ ነበረች።

እትዬ ትርንጎ ከሱቄ ጎን ጃንጥላ ትጠግናለች። በመካከላችን ያለው አንድ ቆርቆሮ ነው፤ እሷ ስትስቅ የእኔ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እንደሷ የሚስቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ስትደሰት ትስቃለች፣ ስትናደድ ትስቃለች፣ ስትደነግጥማ ወገቧን ይዛ ነው የምትንፈራፈረው። ባሏ የሞተ ቀን ለቅሶው መሃል ሳቅ አምልጧት ሴቶቹ ነጠላ አከናንበው ወደ ጓዳ አስገቧት። ሰው ጉድ አለ። በዚያ ሳቅ ውስጥ ምን እንዳለ የማውቅ እኔ ነኝ፤ በቆርቆሮው በኩል ስሰማት ኖሬያለሁ። ጉድ የሠራትም ይኸው ሳቋ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የውድድሩ የበላይ ሊቀ ሰዓት ወርቅአፈራሁ ይባላሉ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ፍትሕ ይወዳሉ፤ እሳቸው ፍትሕ በወደዱ ቁጥር ግን ፍዳው የእኛ ነው። መጀመሪያ "ከመስመር የጠፋ ተሸነፈ" ብለው ደነገጉ። ቀላል ሕግ ነው፣ ማንም ይገባዋል። ከማንም በላይ የገባቸው ግን የላይኛው ከተማ ሰዎች ናቸው። እነሱ የሚኖሩት ጉብታው ላይ፣ የኔትወርኩ ማማ ሥር ነው። እኛ የታችኛው ከተማ ሰዎች ጎድጓዳው ውስጥ ነን፤ እኛ ዘንድ ስልክ ሲደወል ኢንተርኔቱ ይሄዳል፣ አንዴ ከሄደ ደግሞ የሚመለሰው ሲያሻው ነው። ታዲያ የላይኛው ሰው ጨዋታ ሲጠብበት ምን ያደርጋል መሰላችሁ? ለተጋጣሚው ይደውልለታል። "እንዴት ዋልክ? ልጆች ደህና? ከብቶቹስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?" ይላል፣ ማር በሆነ ድምፅ። የእኛ ሰው ደግሞ ሞቶ ይገኛል እንጂ ሰላምታ አይዘጋም። አንድ በአንድ "ደህና፣ ተመስገን፣ እናንተስ" እያለ መልሶ ሲጨርስ ጨዋታው አልቋል። ያን ዓመት ታችኛው ከተማ በሰላምታ ብዛት ድራሹ ጠፋ።

በሚቀጥለው ዓመት ሊቀ ሰዓት አዘኑልን። "የጠፋ ሰው አይሸነፍ፣ ጨዋታው እኩል ይውጣ" አሉ። እሰይ ብለን አፋችንን ሳንገጥም ብረት ድስት ከገበያ ጠፋ። ስልክ ብረት ድስት ውስጥ ገብቶ ክዳኑ ከተደፋበት መስመሩ ድርግም ይላል። ንጉሡ የተጨነቀበት ሁሉ ስልኩን ድስት ውስጥ መክተት ሆነ ሥራው። በዚያ ዓመት ያሸነፈ የለም፣ የተሸነፈ የለም፣ ወጥ የሠራም የለም።

ሊቀ ሰዓት ተቆጡ። የመቋረጥ መርማሪ የሚባል ሹመት ፈጥረው መርማሪ ቢያድግልኝን ሾሙ። መርማሪው የጠፋ ሰው ቤት ይሄዱና "መስመሩ ራሱ ጠፋ ወይስ አንተ አጠፋኸው?" ብለው ይጠይቃሉ። ሰው ሁሉ "ራሱ ነው" ሲላቸው ጊዜ ዘዴ አመጡ። በእውነት የተቋረጠበት ሰው ያዝናል፤ ያዘነ ሰው ያለቅሳል፤ ስለዚህ ያለቀሰ ንጹሕ ነው፣ ዓይኑ የደረቀ ሸሺ ነው። ብልህ ነው ተባለላቸው። በሳምንቱ የከተማው አልቃሾች ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የተማረ ሁሉ ንጹሕ ሆነ።

እትዬ ትርንጎ አልተማረችም። መስመሯ የተቋረጠባት በእርግጥም ልትሸነፍ ስትል ነበር። መርማሪው ሱቋ ገብተው፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ወይዘሮ ትርንጎ፣ መስመሩ ራሱ ጠፋ ወይስ..." ሲሉ ደነገጠች። ስትደነግጥ ምን እንደምትሆን ነግሬያችኋለሁ። ከት ብላ ሳቀች። ይቅርታ ልትጠይቅ ስትል ባሰባት። የምትጠግነውን ጃንጥላ ፊቷ ላይ ዘርግታ ከኋላው ተንፈቀፈቀች። መርማሪው ከወንበራቸው ተነስተው ቆመው ፈረዱባት።

መጀመሪያ ከቁም ነገርም አልቆጠረችው። "በሩ ሥር ነፋስ አለ፣ ይሻለኛል" እያለች ድግስ ላይ ትቀመጥ ነበር። ነገሩ አንጀቷን የቆረጠው ልጇ አትጠገብ ስትታጭ ነው። ሠርጉ ከውድድሩ ማግስት ተቆረጠ። የሙሽራው እናት ወይዘሮ አሰገደች ደግ ሰው ናቸው፣ መጥተው በትሕትና "እንግዲህ ምርቃቱን አክስቷ ብታደርገው ምን ይመስልሻል፣ እህቴ?" አሏት። እትዬ ትርንጎ ሳቀች። አትጠገብ ግን ብድግ አለች።

"እናቴ ካልመረቀችኝ አላገባም" አለች።

"ዝም በይ አንቺ! አክስትሽ አፏ ጣፋጭ ነው" አለች እናቷ።

"አክስቴ አልወለደችኝም። አላገባም አልኩ አላገባም።"

ሁለቱም ሲሄዱ እትዬ ትርንጎ ሱቋን ዘግታ ብቻዋን ሳቀች። በቆርቆሮው በኩል ሰማኋት። ምላጬን አስቀምጬ ደንበኛዬን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ አላስቻለኝም።

ሸሺ ስሙን የሚያድስበት አንድ መንገድ ብቻ አለ። ጨዋታውን እስከ ማት ድረስ ሳይጠፋ ተጫውቶ መታየት። አሸናፊም ይሁን ተሸናፊ ግድ የለም፣ ንጉሥ ሰሌዳው ላይ መውጫ አጥቶ ሲያዝ እዚያው መገኘት አለበት። ቀላል ይመስላል። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው ሁሉ በሚጠፋበት አገር ማን ማት ይደርሳል? ማት የሚባለውን እኔም ስሙን እንጂ መልኩን አላውቀውም ነበር። በዚያ ላይ ሊቀ ሰዓት አዲስ ሕግ አውጥተዋል። ተጋጣሚህ ሲጠፋ ስልክህ ላይ "ይገባኛል" የሚል ትልቅ ቀይ ቁልፍ ይበራል። ከተጫንከው ጨዋታው ያንተ ነው። ካልተጫንከው የጠፋው ሰው ሰዓት ይቆጥርበትና ሲያልቅ ያንኑ ታገኛለህ። ቁልፉ በርቶለት ያልተጫነ ሰው ግን ታይቶ አይታወቅም።

ለመጨረሻው ጨዋታ እትዬ ትርንጎ የደረሳት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የላይኛው ከተማ ጋሽ ጓንጉል! በየዓመቱ አሸናፊ እሱ ነው። ጣቱ ከፈረሱ ይፈጥናል ይባልለታል፤ ቀዩ ቁልፍ ገና ብልጭ ሲል ተጭኖታል። ዕጣው ሲነገራት "አለቀልኝ" ብላ አንድ ሙሉ ጃንጥላ ገልብጣ ሰፋች።

የጨዋታው ዕለት ሱቋ በር ላይ ከተማው ተሰበሰበ። እኔ ማየት ብፈልግም ወንበሬ ላይ ትልቅ ደንበኛ ተቀምጦብኛል፤ መርማሪ ቢያድግልኝ ለአትጠገብ ሠርግ ተጠርተው ራሳቸውን ሊላጩ መጥተዋል። ግራውን ላጭቼ ቀኙ አረፋ ለብሶ ሳለ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ አንድ ዓይኔን ወደ ሰሌዳው እልክ ነበር። "ዓይንህን ሰብስብ፣ ጆሮዬን ትቆርጠዋለህ" ይሉኛል መርማሪው። እውነታቸውን ነው።

እትዬ ትርንጎ በደህና ጀምራ ነበር። ከዚያ ፈረሷ ተበላ፣ ግንቧ ተከተለ፣ ወታደሮቿ አንድ በአንድ ተለቀሙ። ሰው ከንፈሩን መጠጠ። በመጨረሻ ንጉሧ ብቻውን ጥግ ላይ ቀረ፣ የጋሽ ጓንጉል ንግሥትና ንጉሥ ፊት ለፊቱ ቆመዋል። እትዬ ትርንጎ ግን ፊቷ በራ።

"ሊመጣ ነው!" አለች። "ማት ሊመጣልኝ ነው፤ ዝም በሉ፣ እንዳይደነግጥብኝ!"

ሰው ሊሸነፍ ሲል እንዲህ ሲፈነድቅ አይቼ አላውቅም። እኔም በቆርቆሮው በኩል "በርቺ እትዬ፣ ትንሽ ነው የቀረሽ!" ብዬ ጮህኩ።

ይኼኔ ስልኳ ጠራ።

ከላይኛው ከተማ ተንኮለኛ መስሎን ነበር። አይደለም። ወይዘሮ አሰገደች ናቸው፣ የሙሽራው እናት። በደግነታቸው ዛሬ ሰላም ሳልላት እንዴት ይሆናል ብለው ነው። እትዬ ትርንጎ ስልኩን አየችው፣ እኛን አየችን። የልጇን አማት ስልክ የምትዘጋ እናት በእኛ አገር አልተፈጠረችም። አነሳችው።

"እንዴት ዋልሽ እህቴ?"

"ደህና፣ ተመስገን፣ እርስዎስ?"

"ደህና። ቤቱ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ተሻለሽ?"

"ተሽሎኛል፣ ተመስገን። የእርስዎስ ወገብ?"

"አዬ፣ ወገብማ... ጨዋታው እንዴት ሆነልሽ ልልሽ ነው እኮ የደወልኩ። እንዳትቋረጪ ስጸልይልሽ ዋልኩ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች እትዬ ትርንጎ፣ እንባ እስኪወጣት እየሳቀች። "ጸሎትዎ አይለየኝ።"

ሲዘጋ ስልኩ ባዶ ነው። ሰሌዳ የለ፣ ንጉሥ የለ። ከላይ ያለችው የኔትወርክ ምልክት ጠፍታለች። ሕዝቡ "ኡኡ!" አለ፤ አንዱ ግን ከኋላ "ልትሸነፍ ስትል ጠፋች። አሁንም!" ሲል ሰማሁት። መርማሪው ከወንበሬ ቀና አሉ።

"ጠፋች?" አሉ። "ንጉሧ ጥግ ላይ ሳለ? እንግዲህ ሸሺ ሸሺ ነው፣ ምን ይደረግ።"

እትዬ ትርንጎ ቀሚሷን ጨበጠች፣ ስልኩን ከራሷ በላይ አነሳች፣ ከሱቁ ወጥታ ወደ ዳገቱ እግሬ አውጪኝ አለች።

ዳገቱ ጫፍ ላይ የኔትወርክ ድንጋይ አለ። ኔትወርክ ከጎድጓዳው ሲጠፋ የሚገኘው እዚያ ድንጋይ ላይ ብቻ ነው። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አቀበት ነው፣ የእትዬ ትርንጎ ሰዓት ደግሞ ስትነሳ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው። ጋሽ ጓንጉል ቀዩን ቁልፍ ባይጫን እንኳ ሰዓቷ ሳትደርስ ያልቃል። ሁላችንም ይህን እናውቃለን። እሷም ታውቃለች። ሮጠች።

"ተከተላት!" አሉኝ መርማሪው። "ማስረጃ ልታጠፋ ነው!"

እኔ ምላጬን እንደያዝኩ፣ እሳቸው ፎጣዬ አንገታቸው ላይ እንደታሰረና ግማሽ ራሳቸው አረፋ እንደለበሰ፣ ከኋላዋ ሸመጠጥን። ከእኛ ኋላ ከተማው። ገበያው መሃል ስትገባ ሰው ደነገጠ።

"ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?"

"ልሸነፍ ነው፣ አሳልፉኝ!"

የገባው ሰው የለም፤ ግን መንገድ ለቀቀላት። ተሸካሚው ጆንያውን ጥሎ ዳር ያዘ። የቀኝ ጫማዋ ወልቆ ቀረ፣ ቲማቲም ሻጯ አንስታ ይዛላት ሮጠች። ዳቦ ጋጋሪው "ለምኑ ነው የምትሸነፈው?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ለልጇ ሠርግ" አልኩት፤ እሱም መጥረጊያውን ጥሎ ተከተለን።

እዚህ ላይ ላፍታ ቁሙልኝ። ከሰው የሰማሁት ያልኳችሁ ነገር ይሄ ነው፤ የነገረኝ ራሱ ጋሽ ጓንጉል ነው፣ ኋላ ሊላጭ መጥቶ።

ያን ሰዓት እሱ ቤቱ በረንዳ ላይ ነው፣ ሰፈርተኛው ከቦታል። ቀዩ ቁልፍ በራ። "ጫን! ጫን!" አሉት። ጣቱን አነሳ። "ከዚያ ሰሌዳውን አየሁት" አለኝ። "ንጉሧ ጥግ ላይ ነው፣ ንግሥቴ ደጁ ቆማለች። አየህ፣ ይህን ሁሉ ዓመት አሸናፊ ስባል አንድ ሰው ማት አድርጌ አላውቅም። ሁሉም ከእጄ ይጠፋሉ። ልጄ 'አባዬ፣ ማት እንዴት ነው የሚደረገው?' ብትለኝ ተቆጣኋት። ይህቺንም ካጣሁ ሳላውቀው መሞቴ አይደል?"

ጣቱን ከቀዩ ቁልፍ አሸሸ። ሰዓቷ ግን እየቆጠረ ነው። ከቀዩ ቁልፍ ጎን አንዲት ትንሽ የመደመር ምልክት አለች፤ ሁላችንም ጌጥ ትመስለን ነበር፣ ማንም ነክቷት አያውቅም። ጭንቅ ሲለው ነካት። የእትዬ ትርንጎ ሰዓት ላይ ጥቂት ጊዜ ተጨመረ። ደግሞ ነካት። ደግሞ ተጨመረ።

"አንተ ሰው፣ ምን እያደረግክ ነው?" አለችው ሚስቱ። "ለተጋጣሚህ ትጨምርላታለህ?"

"ካልመጣች ማንን ልርታ?" አላት።

ሰፈርተኛው መጀመሪያ አበደ ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ ጣቱ ሲዝልበት ሚስቱ "ወዲያ በል፣ እኔ ልንካ" አለች። እሷ ሲደክማት ጎረቤቷ ቀጠለች። ስልኩን እየተቀባበሉ ላይኛው ከተማ በሙሉ ለእኛይቱ ትርንጎ ሰዓት ይጨምር ጀመር።

እኛ ይህን ከየት እናውቃለን? ድንጋዩ ሥር ስንደርስ ትንፋሻችን አልቋል፣ ተስፋችንም። እዚያ ደግሞ ሰልፍ አለ፤ መቼስ መስመር የጠፋበት ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው። የድንጋዩ ተራ አስከባሪ ሸዋረጋ ዱላውን አጋድሞ አስቆማት።

"ወዴት ነው እትዬ? ተራ ያዢ እንጂ!"

"ሸዋረጋ የኔ ወንድም፣ ልሸነፍ ነው! ቶሎ ካልሸነፍኩ መጥፋቴ ነው፣ አሳልፈኝ!"

ሸዋረጋ አሰበ። ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው። "የምታሸንፊ ቢሆን አላሳልፍሽም ነበር" አለ። "የሚያሸንፍ ሁሉ እቸኩላለሁ ይለኛል። ለመሸነፍ የመጣ ሰው ግን ገጥሞኝ አያውቅም፣ ተራም አልተሠራለት። ውጪ!"

ሰልፈኛው ራሱ አንስቶ ድንጋዩ ላይ አወጣት። ስልኩን ከፍ አደረገች። ምንም የለም። በጣቶቿ ቆመች። አንዲት ምልክት መጣች። ሰሌዳው ክፍት አለ። ንጉሧ ጥግ ላይ አለ። ሰዓቷን አየችና ዓይኗን አሻሸች።

"ስሄድ ከነበረው በለጠ" አለች። "እዩልኝ እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?"

አንጋጥጬ አየሁ፤ ቁጥሩ እያየሁት ይጨምራል። ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። ያኔ ገባኝ። አልደብቃችሁም፣ እንባዬን በፎጣዬ ጠረግኩ፤ ፎጣው መርማሪው አንገት ላይ እንደታሰረ።

እትዬ ትርንጎ ንጉሧን አንዲት እርምጃ አንቀሳቀሰች። ከጉብታው ማዶ "መጣች!" የሚል ጩኸት በነፋስ ደረሰን።

አለቀ ብላችሁ እንዳታርፉ። ጋሽ ጓንጉል ማት ማድረግ አያውቅማ! ከየት ይልመደው? ንግሥቱን ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። ንጉሧን ያሳድደዋል፣ ይለቀዋል። ጨዋታው ላይ አንድ ክፉ ነገር አለ፤ ንጉሥ በማንም ሳይጠቃ መሄጃ ካጣ ማት አይባልም፣ እኩል ይወጣል። እኩል ከወጣ ደግሞ የእትዬ ትርንጎ ስም አይታደስም። ጋሽ ጓንጉል ሁለት ጊዜ እዚያ ገደል አፋፍ ደርሶ ተመለሰ። ድንጋዩን የከበበው ሕዝብ እስትንፋሱን ዋጠ። የታችኛው ከተማ ሰው የገዛ ሰዉ እንዲሸነፍ እጁን ዘርግቶ ይለምናል።

"ኧረ ንጉሥህን አቅርብ!" ትላለች እሷ ወደ ጉብታው እያየች፤ እንደማይሰማት ታውቃለች። "ንግሥቲቱ ብቻዋን ምን ታድርግልህ? አግዛት እንጂ! ወይ አንተ ልጅ!"

ይሰማት አይሰማት እንጃ። ንጉሡን አቀረበ። እሷም ያለቻትን አንዲት ቦታ ሄደች። ንግሥቲቱ ከሰሌዳው ማዶ እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ መጣችና አጠገቡ ቆመች። የእትዬ ትርንጎ ንጉሥ በቀኝ አየ፣ በግራ አየ። የለም። ስልኩ ላይ ከዚያ በፊት አንዳችንም ያላየነው ቃል ወጣ፤ "ማት"።

"ተሸነፍኩ!" ብላ ጮኸች። "አያችሁ? እዚሁ ቆሜ ተሸነፍኩ! እልልልል!"

እልልታው ከድንጋዩ ወረደ፣ ገበያውን ሞላ። ከጉብታውም እልልታ ይመልሱልናል። ቲማቲም ሻጯ ጫማዋን እያውለበለበች ትጨፍራለች፣ ሸዋረጋ ዱላውን ወደ ሰማይ ወርውሮ መቀበሉን ረሳው። ያሸነፉ ሰዎች ሲደሰቱ ብዙ አይቻለሁ፤ ሁለት ከተማ ባንድ ጨዋታ እኩል ሲደሰት ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

መርማሪ ቢያድግልኝ አረፋው ደርቆባቸው፣ መነጽራቸው ላብ ለብሶ፣ ወደ ድንጋዩ ጠጋ አሉ። ሥራ ነውና ጠየቁ።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣ መስመሩ ራሱ ጠፋ ወይስ አንቺ አጠፋሽው?"

እሷ መሳቅ ብቻ ሆነ። መርማሪው ሕዝቡን አዩ፣ ያን ሁሉ የሮጡበትን ዳገት አዩ፣ ግማሽ ራሳቸውን ዳበሱ። ከዚያ ከሹመታቸው ጀምሮ ማንም ያላየውን አደረጉ፤ እሳቸውም ሳቁ። መጀመሪያ እንደ ሳል ጀመራቸው፣ ኋላ ድንጋዩን ተደግፈው ነው ያባራላቸው። "ያለቀሱትን ሁሉ ነጻ ያወጣሁ እኔ ነኝ" እያሉ ይስቃሉ። የምርመራ ዘዴያቸው የሞተው እዚያው ነው።

ወሬው ሊቀ ሰዓት ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ፍትሕ ስለሚወዱ ሕጉን ደግሞ ለወጡት። ቀዩን ቁልፍ አሳነሱት፣ የመደመሯን ምልክት አተለቋት። በቀጣዩ ዓመት ሰው ሁሉ ሰጪ ሆነ፤ "ኧረ አንተ ውሰድ"፣ "ኧረ አንተ" ሲባባሉ የጀመሩ ሁለት ጨዋ ሽማግሌዎች ጨዋታቸው ዛሬም አላለቀም። ስለዚህ እንደገና አስተካከሉት። አሁን እያንዳንዱ ተጫዋች ቢጠፋ የሚመለስበት የራሱ ጊዜ አስቀድሞ ይሰጠዋል፣ ለጎድጓዳውም ለጉብታውም እኩል፤ ያን ከጨረሰ ፍርዱን ይቀበላል፣ ሸሺ የሚለው የለም። ጨዋታ ላይ ላለ ሰው መደወል ክልክል ነው፣ ሰላምታ ሁሉ ከጨዋታው በፊት ይጠናቀቃል። በዚህ የተነሳ ውድድሩ የሚጀምረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋቱን በሙሉ ሰላምታ ላይ ነን።

የአትጠገብ ሠርግ በተቆረጠለት ቀን ተደገሰ። ጋሽ ጓንጉል ልጁን ይዞ መጣ፣ "ማት ያደረግኳት ሴት ይህቺ ናት" እያለ አስተዋወቃት። መርማሪው ቀኙም ተላጭቶላቸው ተገኙ። እትዬ ትርንጎ ከበሩ ሥር ተነስታ ከመሃል ተቀመጠች፤ ሙሽሮቹ ጉልበቷ ሥር ተንበረከኩ፣ እሷም እጇን ራሳቸው ላይ ጭና ጀመረች።

ከቤታቸው ጀመረች፣ ወደ ልጆቻቸው ተሻገረች፣ ወደ ልጅ ልጆቻቸው። ላሞቻቸውን መረቀች፣ ገና ያልገዟቸውን። ጎረቤት ሆነው የሚመጡትን ሰዎች መረቀች። የወይዘሮ አሰገደችን ወገብ መረቀች። ይህን ሁሉ ዓመት ውስጧ የያዘችውን ነው ያወጣችው። የሙሽራው ጉልበት ደንዝዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ አስተናጋጆቹ ወጡን ይዘው ቆመዋል፣ ሕፃናት ተኝተዋል። አትጠገብ ከእናቷ እጅ ሥር ሆና ትንሰቀሰቃለች፤ ማንም ግን "ይበቃል" አላለም፣ አንድም ሰው ከቦታው አልተነቃነቀም። አሜን ያልነው ምግቡ ጨርሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የቀዘቀዘ ወጥ እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም።